ለጋው አይነካም

ጠዋት ጠዋት በማቅለሚያ ቤቱ ውስጥ ሰው የሚታየው ከወገቡ በታች ብቻ ነበር። ከወገብ በላይ እንፋሎት ነው። አምስቱ በርሜሎች ከተጣዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነጩ ጉም ከቆርቆሮው ጣሪያ ስር ይጠራቀምና ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ክር ነካሪዎቹ ሴቶችም ራስ የሌላቸው ቀሚሶች መስለው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ድምፅ ግን አለ። አንዷ አማቷን ታማለች፣ ሌላዋ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች፣ ሦስተኛዋ ማማሰያ እንዲያቀብሏት ትጮኻለች። ማን ምን እንዳለ የሚለየው በጫማ ነው።

ቆጣሪ ይህን ሰዓት ትወደዋለች። ስሙን ያወጡላት እነዚሁ ነካሪዎች ናቸው። ወዳሳደገቻት አክስቷ ማቅለሚያ ቤት ለሥራ ከመመለሷ በፊት ሰባት ዓመት በአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ሠርታለች፤ ሥራዋ በየሦስት ሰዓቱ እየወጡ የዝናቡን፣ የሙቀቱንና የነፋሱን ልክ አይቶ መጻፍ ነበር። ጣቢያው ሲዘጋ ልማዷ አብሮ አልተዘጋም። እዚህም መጥታ ስንት ባልዲ ውሃ እንደገባ፣ ክሩ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የትኛው በርሜል ቀድሞ እንደሚፈላ ስትጽፍ ያዩዋት ሴቶች «ይቺን ደግሞ መብራት ቤት ነው የላካት?» ተባባሉና ቆጣሪ አሏት። እሷም አልከፋትም።

ማቅለሚያ ቤቱን ያቆመችው አክስቷ ናት። ቢጫውን ከሽንኩርት ልጣጭ፣ ቡኒውን ከዛፍ ቅርፊት ያወጣሉ፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን ቀዩ ነው። ቀዩ የሚገኘው ከቤቱ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ከሚበቅል አጭር ቁጥቋጦ ሥር ነው። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ተወቅጦ ይፈላል። ክሩ ቀለም እንዲይዝ በሸብ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድርና ይገባበታል። መጀመሪያ ጡብ ይመስላል። ቀጥሎ ጉበት። ሰዓቱ ሲሞላና ከውሃው ብቅ ሲል፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ፀሐይ ሲያዞር ከዓይኑ ቆብ ጀርባ የሚያየውን ቀለም ይሆናል። ያንን ቀለም ሌላ ቦታ ያየ የለም።

አክስቷ ሥራውን ስትጀምር አንድ ሕግ አውጥታለች። ከአውራ ጣት የቀጠነ ሥር አይቆፈርም። «ለጋው አይነካም» ትላለች። «ልጅ ይደግ፤ አሮጌው ይሥራ።» ሕጉ በሁለት በኩል የተመቸ ነው። የወፈረው ሥር ቀለሙ ይጠልቃል፤ ኮረብታውም ይጠበቃል። ክሩን ወደ ሩቅ ከተሞች እየወሰደ የሚሸጠው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ልቡ ተነካና ሕጉን በትንሽ ካርቶን ላይ አሳትሞ በየልቃቂቱ ያስርበት ጀመር። ገዢዎቹ ቀለሙን ሲወዱ ሕጉንም አብረው ወደዱት።

ዘንድሮ ነጋዴው መልእክት ላከ። ሐሙስ ይመጣል፤ የሦስት ዓመት ውል ይዞ ይመጣል፤ ቀዩን በእጥፍ ይፈልጋል። አክስቷ ያን ዕለት እግሯ መሬት አልነካም። ሁለት በርሜል አዘዘች፣ ለስድስት ሴቶች ሥራ ቃል ገባች፣ ቆጣሪን ደግሞ ጠርታ፣

«ውጪና ቁጠሪልኝ» አለቻት። «ኮረብታው ላይ ስንት ሥር እንዳለን ልወቅ። መቼም አንቺ መቁጠር ዕረፍትሽ ነው።»

ቆጣሪ ገመድና ወረቀት ይዛ ወጣች። ዐሥር እርምጃ በዐሥር እርምጃ እየከለለች፣ በየክልሉ ያለውን ቁጥቋጦ ግርጌ በጣቷ ገለጥ እያደረገች፣ ሥሩን ከአውራ ጣቷ ጋር ታስተያያለች። ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ለጋ፤ ሦስት ዓምድ። ነፋሱ ለስላሳ ነበር። ከታች የማቅለሚያ ቤቱ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣና ኮረብታው ወገብ ላይ ሲደርስ እንደ ሰው ጎንበስ ብሎ ያልፋል። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ አርባኛውን ክልል ጨርሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቷን አየች። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ነው።

በጣቢያው የመጀመሪያ ሳምንት የተማረችው ነገር ቢኖር፣ መለኪያው ያልጠበቁትን ቁጥር ሲሰጥ ቁጥሩን ከማመን ወይም ከመጣል በፊት መለኪያውን መጥረግ ነው። ስለዚህ ተነሥታ አምስት ክልሎችን እንደገና፣ አሁን በጉልበቷ ተንበርክካ ቆጠረች። ያው ነው። ለጋው በማይነካበት ኮረብታ ላይ አንድም ለጋ የለም። ያሉት ጥቂት ወፍራሞችና ብዙ መካከለኞች ናቸው፤ መካከለኞቹ ሁሉም እኩያ፣ ከዓመታት በፊት በአንድ ሰሞን የተወለዱ ይመስላሉ። እነሱም አውራ ጣት ሊያክሉ ጥቂት ቀርቷቸዋል።

በስተምሥራቅ፣ ሰው በማይደርስበት ገደል ወገብ ላይ፣ አራት የጎበጡ አሮጌ ቁጥቋጦዎች ነበሩ። አፋፉ ላይ በደረቷ ተኝታ አንገቷን አሻግራ አየች። ከግርጌያቸው ያለው አፈር እንደ አራስ ልጅ ጭንቅላት በስስ አረንጓዴ ጠጉር ተሸፍኗል። ለጋዎቹ ሁሉ እዚያ ናቸው።

ጋሼ ዶማ ከዛፍ ጥላ ስር ጋደም ብለው ያዩዋታል። ሠላሳ ዓመት ለአክስቷ ሥር የቆፈሩ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን ያገኙት ከትከሻቸው ከማይወርደው መሣሪያ ነው።

«ምን ጠፋብሽ?» አሏት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር የሚያብበው መቼ ነው?»

«ሲያረጅ ነዋ።»

«ሲያረጅ ማለት?»

አውራ ጣታቸውን አነሡ። «ከዚህ አልፎ ይወፍርና አንድ ሁለት ክረምት ይጨመርበታል። ያኔ ያብባል፣ ያኔ ዘር ይጥላል። ከዚያ በፊት ወንደላጤ ነው፤ በልቶ ማደር እንጂ ቤተሰብ አያውቅም።»

«እኛ ደግሞ የምናስቆፍርዎት…»

«ሊያገባ ሲል።»

ቆጣሪ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?» አለች።

«ለማን? የኔ እናት፣ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ ስንት ጆንያ ሞላ? ሞላ ስል ይሄዳል።» እንደገና ጋደም አሉ። «ሕጉ ደግሞ የአክስትሽ ነው። ሴትዮዋ ስለ ሕጓ ስታወራ አቋርጠሽ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ማንም አያውቅም።

ያን ቀንና በማግስቱ ነገሩን በሆዷ ይዛ ዋለች። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራችው። ዛሬ በሚቆፈረው ልክ ከቀጠሉ ሥሩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይቆያል። በእጥፍ ከሆነ ግን ከዓመት ከሩብ አያልፍም፤ ውሉ ተፈርሞ፣ ስድስቱ ሴቶች ገብተው፣ ኮረብታው ባዶ ይሆናል። ከበርሜሎቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ይህን ስታስብ ሙቀቱ አሸነፋትና እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

ኮረብታው በበሩ ገባ። ትልቅ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ከነካሪዎቹ አንዷ «ኧረ ግባ፣ በሩን ዝጋው፣ ሙቀቱ ይወጣል» አለችው። ኮረብታው በእንፋሎቱ መካከል አልፎ አሮጊት ሴት እጇን በጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደምትቀመጥ ተቀመጠ። ራሱ ላይ እዚህም እዚያም መላጣ ነበር። ቆጣሪን አላየም፤ ክሩን ነበር የሚያየው። ለረጅም ጊዜ አየውና፣ «ያምራል» አለ። «በጣም ያምራል። የማን ነው?»

ስትነቃ ከበርሜሉ የወጣ ክር ትከሻዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

አክስቷን ያገኘቻት በማድረቂያው ግቢ ነው። ቀያይ ክሮች ከዳር እስከ ዳር ተሰቅለው ፀሐይዋ በመካከላቸው ታልፋለች፤ በዚያ ግቢ ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ ፊቱ ይቀላል። አክስቷ በረድፉ ውስጥ እየሄደች እርጥቡን በመዳፏ ትጨምቃለች። ቆጣሪ አንድም ቃል ሳትጨምር የቆጠረችውን፣ ገደሉ ላይ ያየችውንና ጋሼ ዶማ ያሉትን በተራ ነገረቻት።

አክስቷ እጇን ከክሩ ላይ አላነሣችም። «ሠላሳ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን ኮረብታ» አለች፣ «አንቺ በሁለት ቀን በገመድ ለክተሽ ገደልሽው?»

«እኔ አይደለሁም የገደልኩት፣ እትዬ።»

«ማን ነው ታዲያ? ተናገሪያ።»

ቆጣሪ ወረቀቷን ዘረጋችላት።

«ሰባት ዓመት ዝናብ ስትለኪ ኖርሽ» አለች አክስቷ። «አንዲት ጠብታ አዝንበሻል? መለካት ሌላ፣ ማኖር ሌላ። እኔ በዚህ ቀለም አንቺን አሳድጌያለሁ፣ የእነዚህን ሴቶች ቤተሰብ አስተዳድሬያለሁ። ነገ ሰውየው ሲመጣ አፍሽን ዘግተሽ ትቀመጫለሽ።»

«እቀመጣለሁ። ግን አንድ ጊዜ ውጪና እዪው።»

«ጉልበቴን እያወቅሽ?»

«እደግፍሻለሁ።»

አክስቷ በክሮቹ መካከል ሄደች። ቀዩ መጋረጃ ከኋላዋ ተወዛወዘና ዝም አለ። ቆጣሪ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰላት። አክስቷን ማጣት ከኮረብታው መላጣነት የበለጠ ያስፈራት እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ግን አክስቷ ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን ታያለሽ? ተነሺ» አለቻት።

ቀስ ብለው ወጡ። ጉሙ ገና ከኮረብታው አልለቀቀም፤ ቁጥቋጦዎቹ አንድ በአንድ ከነጩ ውስጥ እየወጡ ሰላምታ የሚሰጡ ይመስላሉ። አክስቷ እያንዳንዱን ታውቀዋለች። «ይሄ ሲያድግ አይቻለሁ» ትላለች፣ ቅጠሉን ነካ አድርጋ ታልፋለች። ገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ቆጣሪ ወገቧን ይዛት አክስቷ አንገቷን አሻግራ አየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ዞራ ወደ መጀመሪያው ቁጥቋጦ ተመለሰች፣ እየተቃሰተች ተንበረከከችና ከስሩ ያለውን ቅጠል በሁለት እጇ ገለጠች። ባዶ አፈር። ሁለተኛውን ገለጠች። ባዶ። ሰባተኛው ላይ እጇን አፈሩ ላይ ዘርግታ አስቀመጠች፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ግንባር እንደሚነካ።

«ልጁን ላድን ስል» አለች፣ «እናቲቱን ፈጀኋት።»

ቆጣሪ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ደግሞ እኮ ክፉ ባስብ አይቆጨኝም» አለች አክስቷ። «ደግ ሳስብ ነው።»

ሲወርዱ አክስቷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ዛሬ ብናቆም ይድናል?»

«ሙሉ በሙሉ ብናቆም በአምስት ዓመት። አራት እጁን ትተን አንድ እጁን ብንቆፍር፣ ወፍራሞቹን ዘር እስኪጥሉ ብንጠብቅ፣ እኛም ብንዘራ… ሰባት፣ ስምንት ዓመት። ይመስለኛል ነው የምልሽ። እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ይመስለኛል ማለትሽ ደስ አለኝ» አለች አክስቷ። «እኔ ሠላሳ ዓመት እርግጠኛ ነበርኩ።»

ነጋዴው በአራት ሰዓት መጣ። ንጹሕ፣ ትሑት፣ ረጅም ሰው ነው፤ እንፋሎቱ መነጽሩን ስለሚያሳውርበት ወደ ማቅለሚያ ቤቱ ሲገባ ሁልጊዜ አውልቆ በእጁ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ሰዎቹን ከክሩ መለየት ያቅተዋል። «እትዬ፣ የት ነዎት?» ይላል ወደ እንፋሎቱ።

«እዚህ ነኝ። ወረቀትህን ሳታወጣ ተቀመጥ» አለችው አክስቷ።

ሁሉንም ነገረችው። ሕጉን፣ ገደሉን፣ ባዶውን አፈር። ነካሪዎቹ ማማሰል አቆሙ። ነጋዴው መነጽሩን ደጋግሞ ወለወለ።

«እትዬ፣ ካርቶኑ ላይ ያሳተምኩት እኮ ይህንኑ ነው» አለ። «ሰዎች ያንን አንብበው ነው የሚገዙት።»

«አውቃለሁ። ውሸት አይደለም፤ ለጋውን አልነካንም። ስሕተት ግን ነው።»

«እና ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«አሮጊቷ ተሳሳተች በላቸው።»

«ስሕተት ማን ይገዛል?»

«እኔን አትጠይቀኝ፣ ነጋዴው አንተ ነህ» አለች አክስቷ። ከነካሪዎቹ አንዷ ከእንፋሎቱ ውስጥ በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቋ ተላላፊ ሆነና ነጋዴውም ሳይወድ ፈገግ አለ።

ቀጥሎ ግን ፈገግታው ጠፋ። ለሁለት ሱቆች ቃል እንደገባ፣ እጥፉን ካላመጣ ወደ ሌላ ማቅለሚያ እንደሚሄዱ ተናገረ። ቢያንስ ለዘንድሮ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ እጥፉን ስጡኝ አለ፤ ከዚያ በኋላ ኮረብታው ይረፍ። አክስቷ ወደ ቆጣሪ ዞረች። «ንገሪው» አለቻት።

አፍሽን ዝጊ የተባለችው ቆጣሪ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ዘንድሮ እጥፉ ከተቆፈረ ዘር ሊጥሉ አንድ ዓመት የቀራቸው ወፍራሞች ሁሉ እንደሚያልቁ፣ ከዚያ በኋላ የሚያርፍ ነገር እንደማይኖር ነገረችው። «እስከ ዛሬ ከምንሰጥዎት ከአምስት አንድ እጁን እንሰጥዎታለን። በየዓመቱ በዚህ ወር ቆጥሬ የሚቀጥለውን ልክ እነግርዎታለሁ፤ ሊጨምር ይችላል፣ ሊቀንስም ይችላል። ከእሱ ሌላ ደግሞ…» አክስቷን አየች። «ሁለተኛውና ሦስተኛው ውሃ አለ።»

አክስቷ ፊቷ ተለዋወጠ። ከአንድ ሥር አንድ ጊዜ ቀይ ካወጣች በኋላ ውሃውን የምትደፋ ሴት ናት። «እጣቢ አልሸጥም» አለች።

«እጣቢው ውስጥ ገና ቀለም አለ፣ እትዬ። ባለፈው ወር ሳይደፋ ነክሬበታለሁ። ሳልነግርሽ።»

«ሳትነግሪኝ።»

«ሳልነግርሽ።»

ሄዳ ከጓዳ ሁለት ትንንሽ ልቃቂቶች አመጣች። አንደኛው የበሰለ ኮክ ቆዳ ይመስላል። ሁለተኛው እጅግ ስስ ነው፤ ቀለም ነው ከማለት ቀለም ሊሆን ያሰበ ነገር ነው ቢሉት ይቀላል፤ ገና ያልወጣች ፀሐይ ያለችበት አቅጣጫ። ነጋዴው ስሷን ልቃቂት ተቀብሎ ወደ በሩ ሄደ፣ መነጽሩን አደረገና ብርሃኑ ላይ ይዞ አገላበጣት። ጀርባውን እያየች አክስቷ በሹክሹክታ «ስንት ደቂቃ አቆየሽው?» አለች።

«ሦስት ሰዓት ከሩብ። በለዘብተኛ እሳት።»

«ብዙ ነው። ክሩ ይጎዳል። ሁለት ተኩል ይበቃው ነበር።» የቀረችውን ልቃቂት በመዳፏ ጨመቀችና፣ «ግን ክፉ አይደለም» አለች።

ነጋዴው ውሉን አልፈረመም። ሦስት ዓመት የሚለውን ወረቀት አጥፎ ወደ ቦርሳው መለሰ፤ ሱቆቹ ሳያዩ ምንም ቃል መስጠት አልቻለም። ከቀዩ ያቺኑ አንድ እጅ፣ ከስሶቹ ደግሞ ለሙከራ የሚሆን ጥቂት ጥቅል ለአንድ ዓመት ብቻ እወስዳለሁ አለ። ካርቶኑን በተመለከተ «አስብበታለሁ» ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ቆም ብሎ ግን፣ «ሌላ ሰው ቢሆን አይነግረኝም ነበር» አለ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልታወቀም።

ከዚያ የመጣው ቀላል አልነበረም። የታዘዙት በርሜሎች ተመለሱ። ስድስቱ ሴቶች አልገቡም፤ ከነበሩትም ሁለቱ ወደ ጡብ ማምረቻ ሄዱ። አንዷ ቆጣሪን አቅፋ ተሰናበተቻት፤ ሌላዋ «ቆጥረሽ ቆጥረሽ እኔን ቀነስሽኝ» ብላት ወጣች። ያ ቃል ቆጣሪን ብዙ ቀን አላስተኛትም። ጠዋት ጠዋት የሚጣዱት ሦስት በርሜሎች ስለሆኑ እንፋሎቱ ሳስቶ የሰው ፊት ይታይ ጀመር፤ ለጊዜው ሁሉም ተፋፈሩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሼ ዶማ በገመድ ታስረው ወደ ገደሉ ወረዱና ከአራቱ አሮጌዎች አንድ ከረጢት ዘር ለቅመው ወጡ። አክስቷ፣ ቆጣሪና እሳቸው ሦስቱም ወደ ኮረብታው መላጣ ክፍል፣ ወደ ምዕራቡ ተዳፋት ሄዱ። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ድንጋዩም ቅጠሉም ከውስጣቸው የሚያበሩ ይመስሉ ነበር። አክስቷ ተንበርክካ በጣቷ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ዘር ታስገባለች፣ አፈር መልሳ ትጠቀጥቃለች።

ጋሼ ዶማ ቆመው አዩዋት። «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ቀብር ነው እንዴ?»

«ምን አደረግሁ ደግሞ?»

«እንደዚያ ከቀበርሽው ምጽአት ሲደርስ ነው የሚነሣው። አፈሩ ላይ በትኚው። ከላይ ደረቅ ቅጠል ጣል አድርጊበት፣ እንዳይበርድበት ብቻ። እንዲህ።» ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ በተኑ፤ እጃቸው ሠላሳ ዓመት ዶማ የጨበጠ እጅ አይመስልም፣ ዱቄት የሚነፋ ሰው እጅ ይመስላል። «ከድንጋዩ በስተሰሜን በኩል ይሁን። በደቡብ የተጣለው ቡቃያው ወጥቶ በሳምንቱ ይደርቃል። በየዓመቱ አየዋለሁ።»

አክስቷ እጇን ከአፈሩ አወጣችና ተረከዟ ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ዶማን እንግዳ ሰው እንደምታይ አየቻቸው።

«በየዓመቱ ታየዋለህ» አለች።

«ሌላ ምን የማየው አለኝ?»

«ሌላስ? ሌላ ምን አይተሃል?»

ጋሼ ዶማ መጀመሪያ የምታሾፍባቸው መስሏቸው ቆጣሪን አዩ። ቆጣሪ አልሳቀችም፤ ከአጠገቧ ሰው የሚያስቀምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጎትታ አመቻቸችላቸው። ዶማቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሣሩ ላይ አጋደሙት። ከሩቅ፣ ከተራራው ማዶ፣ ነጎድጓድ ቀስ ብሎ ተንከባለለ፤ ገና ጊዜ ነበር።

«ካላችሁስ» አሉ እየተቀመጡ፣ «ከጉንዳኖቹ ልጀምር።»